ማን አስነሣው? የመንግሥት ውሳኔ ሰውን ከቀዬው የሚያንቀሳቅሰው እንዴት ነው

ባሕር ዳር መንገድ ላይ አሥር ሰው አቁማችሁ «ሀገርህ የት ነው?» ብትሉ፣ «እዚሁ ነኝ» የሚላችሁ ጥቂቱ ነው። አንዱ ከእስቴ ነው፣ ሌላዋ ከደምበጫ። ባጃጅ ነጂው ከአዴት፣ ምግብ ቤቷን የከፈተችው ከላይ ጋይንት። ጡረታ የወጡት አባት ደግሞ ገና በወጣትነታቸው ጨርቃ ጨርቅ ሊቀጠሩ ከደብረ ታቦር የመጡ ናቸው። ለምን መጣችሁ ብትሏቸው መልሱ አጭር ነው፤ «ለእንጀራ ነዋ!»

እውነታቸውን ነው። ግን እንጀራው ለምን እዚህ ሆነ? አባት የሚያርሰው መሬት እያለው ልጁ ለምን አጣ? ለምን አንዱ ቤተሰቡን ነቅሎ ሲመጣ፣ ሌላው ሐምሌ ላይ መተማ ወርዶ ኅዳር ላይ ይመለሳል? እነዚህን ጥያቄዎች ወደ ኋላ ስንከተላቸው ብዙ ጊዜ አንድ የመንግሥት ውሳኔ ላይ ያደርሱናል። አንዳንዱ ውሳኔ ከተጓዡ ዕድሜ ይበልጣል።

ስለ ሀገር ውስጥ ፍልሰት ሲወራ ቶሎ ትዝ የሚለን ሰፈራ ነው። ሰፈራ ትልቅ ጉዳይ ነው፣ እመለስበታለሁ። ሆኖም ሰውን ከምንም በላይ የሚያንቀሳቅሰው ወይም አስሮ የሚያስቀምጠው፣ ርዕሱ ላይ «ፍልሰት» የማይል ፖሊሲ ነው ብዬ አምናለሁ። የመሬት አዋጅ፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ የሴፍቲኔት መዝገብ፣ የክልሉ መቀመጫ የት ይሁን የሚል ውሳኔ።

ከከተማዋ እንጀምር

እስከ 1950ዎቹ ድረስ ባሕር ዳር ጣና ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ነበረች። የጎጃም ዋና ከተማ ደብረ ማርቆስ ነበረች፤ ገዢውም፣ ፍርድ ቤቱም፣ በጀቱም እዚያ። ከዚያ የንጉሡ መንግሥት ዐይኑን ወደ ሐይቁ አዞረ። በ1953 ዓ.ም. ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ተቋቋመ። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ ፖሊ ቴክኒኩ ተከፈተ። ጢስ ዓባይ ላይ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ተሠራ። የጀርመን ባለሙያዎች የከተማዋን ፕላን ነደፉ።

ማንም ሰው «ወደ ባሕር ዳር ሂድ» ተብሎ አልታዘዘም። ግን ፋብሪካ ሲከፈት ፈታይና ሸማኔ ይፈለጋል። ለፈታዩ ቤት የሚያከራይ፣ ምሳ የምታበስል፣ ልብስ የሚሰፋ ይፈለጋል። እነሱም ዘመድ ይጠራሉ። መንግሥት አንድ ቦታ ላይ ገንዘብ ሲያፈስስ፣ ሳያውጅ ሰውን ወደዚያ ጠራ ማለት ነው።

ሁለተኛው ጥሪ ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ መጣ። ባሕር ዳር የአማራ ክልል መቀመጫ ሆነች። የክልል ቢሮዎች፣ ምክር ቤቱ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ በ1992 ዓ.ም. ደግሞ ዩኒቨርሲቲው። በ1976 ዓ.ም. ቆጠራ የከተማዋ ሕዝብ ወደ 54 ሺህ ገደማ ነበር። በ1987 ዓ.ም. ወደ 96 ሺህ ደረሰ። በ1999 ዓ.ም. ከ155 ሺህ አለፈ። በ23 ዓመት ሦስት እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። ደብረ ማርቆስ በተቃራኒው የክፍለ ሀገር መቀመጫነቷን አጣች፤ ከመቀመጫው ጋር የሚመጣው የመንግሥት ሥራም አብሮ ሄደ። ሁለቱን ከተሞች የለያቸው የአየር ጠባይ ወይም የሰው ትጋት አይደለም።

በነገራችን ላይ ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ በሀገራችን የሕዝብ ቆጠራ አልተካሄደም። ለ2010 ዓ.ም. ታቅዶ የነበረው በተደጋጋሚ ተራዘመ። የውኃ መስመር፣ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ የሚታቀደው ያኔ ከተቆጠረው ቁጥር ላይ በሚሠራ ግምት ነው። ሰው በመጣበት ፍጥነት አገልግሎቱ ያልመጣበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

መሬቱ፦ ያሠረውም የፈታውም

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ነው ተብሎ ታወጀ። ጭሰኝነት ቀረ። ብዙ ገበሬ ቀና ብሎ መሄድ የጀመረው ያን ቀን ነው፤ ይህን የሚያቃልል ሰው የቀድሞውን ኑሮ ረስቶታል። አዋጁ ግን በሰው ጉዞ ላይም ትልቅ ለውጥ አመጣ። አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ መያዝ አይችልም ተባለ። ሰው ቀጥሮ ማሳረስ፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር፣ ተከለከለ። ሁመራ አካባቢ የነበሩት ትላልቅ የግል እርሻዎች ተወረሱ። በየዓመቱ ከደጋ ወርዶ እዚያ ሠርቶ የሚመለሰው የቀን ሠራተኛ የለመደውን መንገድ አጣ።

ከዚያም በላይ መሬት የሚገኘው በገበሬ ማኅበር አባልነት ሆነ። ማኅበሩ ያለው ቀበሌው ውስጥ ነው። ርቆ መክረም ማለት ድርሻን ለአደጋ ማጋለጥ ነው። በዚያ ላይ በደርግ ጊዜ ከቀበሌ ወደ ቀበሌ ለመሄድ የይለፍ ወረቀት ይጠየቅ ነበር። ስለዚህ ሰው ቢራብም ባይራብም መሬቱ አጠገብ ቁጭ አለ።

በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 32 ማንም ኢትዮጵያዊ በሀገሩ ውስጥ በፈለገበት የመዘዋወርና የመኖር መብት እንዳለው ደነገገ። የይለፍ ወረቀቱም ቀረ። አንቀጽ 40 ግን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነ አጸና፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ሁለቱን አንቀጾች ጎን ለጎን አንብቧቸው። አንዱ ሂድ ይላል። ሌላው የያዝከውን ሸጠህ መሄድ አትችልም ይላል። ይህ ገበሬውን ከደላላና ከባለ ገንዘብ ጠብቆታል፣ እውነት ነው። ለመሄድ የወሰነው ግን ባዶ እጁን ነው የሚሄደው። የከተማ ኪራይ፣ የንግድ መነሻ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ወጪ፣ ሁሉም ከዜሮ ይጀመራል።

እዚህ ላይ የ1989 ዓ.ም. ድልድል ይመጣል። በዚያ ዓመት በጎጃምና በጎንደር ብዙ ወረዳዎች መሬት እንደገና ተከፋፈለ። ከአንዱ ተቀንሶ ለሌላው ተሰጠ። የቀድሞ ሥርዓት ባለሥልጣናት ነበሩ የተባሉ ገበሬዎች ከሌላው ያነሰ ይዞታ እንዲይዙ ተደረገ። የዚያ ቁስል ዛሬም በአንዳንድ መንደሮች አልሻረም። ለጉዳያችን ዋናው ነገር ግን ከዚያ ወዲህ የሆነው ነው፤ እንደዚያ ያለ ሰፊ ድልድል አልተደገመም። በዚያ ዓመት የተወለደ ልጅ ዛሬ ሠላሳ ሊደፍን ነው። መሬት ማግኘት የሚችለው በውርስ፣ በስጦታ ወይም በኪራይ ብቻ ነው። አንድ ሄክታር ያለው አባት ለአምስት ልጆች ቢያካፍል ለእያንዳንዳቸው አንድ ቃዳ፣ ማለት ሩብ ሄክታር፣ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ አንደኛው ይቀራል፤ ሌሎቹ ወደ መናኸሪያ ይሄዳሉ። ባሕር ዳር ግንባታ ላይ ድንጋይ የሚያመላልሰው ወጣት ሰነፍ ገበሬ ሆኖ አይደለም የመጣው። የተወለደው ድልድሉ ካበቃ በኋላ ነው።

ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በክልሉ የመሬት ደብተር መሰጠት ተጀመረ። የባልም የሚስትም ፎቶ ያለበት ደብተር ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ደብተር ያለው ሰው መሬቱን አከራይቶ ወይም በእኩል ሰጥቶ ከተማ ቢሠራ «ነጠቁኝ» ብሎ የሚሰጋው ያነሰ ነው። ባሏ የሞተባትም ሴት የምትከራከርበት ወረቀት አላት። ገመዱ ላላ፣ ግን አልተፈታም። ወኪል ሳይተው ለረጅም ዓመታት የጠፋ ሰው የመጠቀም መብቱን ሊያጣ የሚችልበት ድንጋጌ በክልሉ የመሬት ሕግ ውስጥ አለ። ከተማ ያለው ሰው በየበዓሉ ወደ ቀዬው የሚመላለሰው ለናፍቆት ብቻ አይደለም።

ሁሉም ወደ ከተማ አይሄድም። በጣና ምሥራቅ፣ ፎገራ ሜዳ ላይ፣ በደርግ ጊዜ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ድጋፍ የተለመደው ሩዝ ውኃ የሚተኛበትን ረግረግ ወደ ገንዘብ ለውጦታል። አረምና አጨዳ ላይ ከደጋው ወረዳዎች የቀን ሠራተኛ ወደ ወረታ ይወርዳል። አንድ ሰብል እንዲህ የሰውን መንገድ ሲያዞር ደስ ይላል፣ የሚያዞረው ወደ ቅርብ ነውና።

ሰፈራ፦ በ1977 እና በ1995

በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ መንግሥት ከሰሜን፣ በተለይ ከወሎ፣ ሕዝብ አንሥቶ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ማስፈር ጀመረ። ዕቅዱ 1.5 ሚሊዮን ሰው ነበር። ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው ተወሰደ፤ በአውቶቡስ፣ በጭነት መኪና፣ በአውሮፕላን ጭምር። አንዳንዱ በረሃብ ተገዶ ፈቅዶ ሄደ። አንዳንዱ ኮታ ለመሙላት ከገበያ ተይዞ ሄደ። ባልና ሚስት የተለያዩበት፣ ልጅ ከእናቱ የቀረበት ብዙ ነው።

ከመዳረሻዎቹ አንዱ ከባሕር ዳር ብዙም የማይርቀው የበለስ ሸለቆ፣ ፓዊ ነው። ከ80 ሺህ በላይ ሰው እዚያ ሰፈረ። መንደሮቹ ስም ሳይሆን ቁጥር ወጣላቸው፤ እስከ ዛሬ «መንደር 7»፣ «መንደር 12» እየተባሉ ይጠራሉ። ጣሊያን በጣና በለስ ፕሮጀክት ትራክተር አስገባች፣ ሆስፒታል ሠራች። የደጋው ሰው ግን ወባ አያውቅም ነበር። ብዙዎች እዚያው ቀሩ። በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲወድቅ ፕሮጀክቱ ተቋረጠ፣ መንገዱም ተከፈተ፤ እጅግ ብዙ ሰፋሪ በእግሩም በመኪናም ወደ ወሎ ተመለሰ።

መንግሥት ያን ሸለቆ «ያልለማ መሬት» ብሎ ነው የያዘው። መሬቱ ግን ባለቤት ነበረው። ጉሙዞች ደን መንጥረው ጥቂት ዓመት ያርሳሉ፤ ከዚያ መሬቱ እንዲያገግም ትተውት ወደ ሌላው ይሄዳሉ፤ ተመልሰውም ይመጣሉ። አደን፣ ማርና ዓሣ ከዚያው ነው። ከአዲስ አበባ በመጣ ባለሙያ ዐይን ያረፈ መሬት ባዶ መሬት ይመስላል። ጉሙዞች ሳይጠየቁ ከሰፊ መሬታቸው ተገፉ፣ ካሳም አላገኙም። የዚያ በደል ሒሳብ ለሰፋሪው ልጆች ተረፈ፤ እነሱም መርጠው አልመጡም። ሁለቱንም ወገን የበደለው አንድ ውሳኔ ነው፤ በጥላቻ ወሬ ውስጥ ይህ ሲረሳ ያመኛል።

ሌላም ውሳኔ ተጨመረ። ፓዊ ያለበት መተከል በ1977 ዓ.ም. በጎጃም ክፍለ ሀገር ሥር ነበር። ፌዴራላዊው ሥርዓት ሲመሠረት ቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል ውስጥ ገባ። የክልሉ ሕገ መንግሥት የክልሉ ባለቤት ብሎ የሚጠራው በርታን፣ ጉሙዝን፣ ሺናሻን፣ ማኦንና ኮሞን ነው። የፓዊው ሰፋሪ ከቤቱ ደጃፍ ሳይንቀሳቀስ የሌላ ክልል «መጤ» ሆነ። የአስተዳደር ወሰን ሲሰመር የሰው ቦታም ይቀየራል፤ ማን ይመረጣል፣ ማን መሬት ይመዘገብለታል፣ ማን እንግዳ ነው የሚለው ሁሉ። ከ2011 እስከ 2013 ዓ.ም. በመተከልና በጃዊ በደረሰው ግድያ የአማራ፣ የአገው፣ የሺናሻ፣ የኦሮሞና የጉሙዝ ተወላጆች አልቀዋል። ከ100 ሺህ በላይ ሰው ከመተከል ተፈናቀለ። ብዙዎቹ ቻግኒ አጠገብ «ራንች» በሚባለው መጠለያ ድንኳን ውስጥ ወራት ገፉ። ከአርባ ዓመት በፊት በመንግሥት መኪና የመጡ አዛውንት እንደገና ተፈናቃይ ሆኑ።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው ሁለተኛው ትልቅ ሰፈራ ከመጀመሪያው ትምህርት ወስዷል። 2.2 ሚሊዮን ሰው ለማስፈር ታቀደ፤ ግን በፈቃደኝነት፣ እዚያው በራሱ ክልል ውስጥ። በአማራ ክልል ሰው ከደጋ ወደ መተማ፣ ቋራ፣ ጠገዴና ጃዊ ወረደ። ለአንድ ቤተሰብ እስከ 2 ሄክታር ተባለ። ካልተስማማው እንዲመለስ የቀድሞ መሬቱ ለ3 ዓመት ይጠበቅለታል ተባለ። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ብልህ ነው፤ ሰው ሞክሮ እንዲወስን ጊዜ ይሰጠዋል። ችግሩ የታየው በአፈጻጸም ነው። ሰው ቀድሞ ደረሰ፣ ጤና ጣቢያና ውኃ ዘገየ። ደን ተመነጠረ። «ክልል አልተሻገረም» መባሉም ነባሩን ሰው ከመግፋት አላዳነም፤ ጃዊም ጉሙዞች የኖሩበት ምድር ነው።

ሄዶ መመለስ

ከደቡብ ጎንደርና ከጎጃም በየክረምቱ እጅግ ብዙ ወጣት ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ይወርዳል። መንግሥት ቆላውን ለባለ ሀብት በሰፊው በሊዝ ሰጠ፤ ሰሊጥ የውጭ ምንዛሪ ያመጣል። ሰሊጥ ግን በአብዛኛው በእጅ ነው የሚታረመው፣ በእጅ ነው የሚታጨደው። የኢንቨስትመንት ፖሊሲው ሠራተኛ ጠራ። ሠራተኛው የት ያድራል፣ ማን ያክመዋል የሚለው ግን ለረጅም ጊዜ ባለቤት አልነበረውም።

ዋጋው ጣና ዳር ድረስ መጣ። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ወረዳ ሰው ሆዱ እያበጠ፣ እየከሳ፣ በትኩሳት መሞት ጀመረ። መጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ተብሎ ተገመተ። ሲመረመር ካላዛር ሆነ፤ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ፣ ካልታከመ የሚገድል በሽታ። በአካባቢው ከዚያ በፊት አይታወቅም ነበር። ሰሊጥ እርሻ ሠርተው የተመለሱ ወጣቶች ሳያውቁት ይዘውት እንደመጡ ይታመናል። በቀጣዮቹ ዓመታት በወረዳው ከተማ በአዲስ ዘመን ከ2 ሺህ በላይ ሰው ታከመ።

ሴፍቲኔትም የራሱ ድርሻ አለው። በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ዓላማው ገበሬው በሬውን ሸጦ እንዳይሰደድ ነው፤ በዚህ ተሳክቶለታል እላለሁ። በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእብናት ቤተሰቡ ወረዳው ላይ ይመዘገባል፣ በበጋው የእርከንና የመንገድ ሥራ ይሠራል፣ እህል ወይም ገንዘብ ያገኛል። መዝገቡ ያለው ወረዳው ላይ ስለሆነ ቤተሰቡ ነቅሎ አይሄድም። ሥራው ሰኔ አካባቢ ሲያበቃ ግን ጎረምሳው ወደ መተማ ይወጣል። አባትና እናት ቀሩ፣ ልጅ ሄደ።

በ2015 ዓ.ም. በክልሉ የተነሣው ጦርነት ይህን ሁሉ አቃውሶታል። መንገድ ይዘጋል፣ ሠራተኛ እንደ ልቡ አይወርድም፣ ገጠር ያለው ደግሞ ለነፍሱ ሲል ወደ ባሕር ዳር ይገባል።

ደርሶ መኖር

አንቀጽ 32 መንገዱን ከፍቷል። ከተማ የደረሰ ሰው ግን ሌላ በር ይጠብቀዋል፤ የነዋሪነት መታወቂያ። ለዚህ ከነበረበት ቀበሌ መሸኛ ያስፈልገዋል። ተከራይ ከሆነ አከራዩ መመስከር አለበት፤ ብዙ አከራይ ደግሞ ግብር ይከተለኛል ብሎ ይሸሻል። መታወቂያ የሌለው ሰው ወጣቶች ተደራጅተው ብድር ሲያገኙ እሱ አይደራጅም። የቤት ማኅበር ውስጥ አይገባም። ቤት የሠራው ዳር ላይ «ጨረቃ ቤት» ከሆነ፣ አፍራሽ ግብረ ኃይል ሲመጣ የሚያሳየው ወረቀት የለውም። መሄድ መብት ነው ተብሎ መድረስ ግን በአንድ የቀበሌ ሠራተኛ ፊርማ ላይ ሲንጠለጠል፣ መብቱ ግማሽ ነው።

ከተማዋም በተራዋ ወደ ገበሬው ትሄዳለች። በከተማዋ ዳርቻ፣ ዘንዘልማ፣ ወራሚት፣ መሸንቲ ላይ ማሳ የነበረው ዛሬ የቤት መሥሪያ ቦታ ነው። በ1997 ዓ.ም. በወጣው የካሳ አዋጅ 455 ገበሬው ያገኝ የነበረው የአማካይ ዓመታዊ ገቢውን 10 እጥፍ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 1161 ወደ 15 እጥፍ ከፍ አደረገው፤ ስሌቱም ከመነሣቱ በፊት በነበሩት ሦስት ዓመታት ውስጥ ካገኘው ከፍተኛ ዓመታዊ ገቢ ላይ ነው። መሻሻሉ ግልጽ ነው። ሆኖም ዕድሜውን ሞፈር ይዞ የኖረ ሰው ገንዘቡን በአንድ ጊዜ ሲቀበል ምን እንዲያደርግበት ማንም አላስተማረውም። ብዙዎቹ በገዛ መሬታቸው ላይ በተሠራ ሕንፃ ዘበኛ ሆነው ይታያሉ።

ከገጠር ለመምጣት የሚያስብ ዘመድ ካላችሁ እነዚህን ንገሩት። መሬቱን ሲያከራይ ውሉን በጽሑፍ አድርጎ ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ያስመዝግብ፤ የቃል ውል በኋላ «ጥሎት ሄዷል» ለሚል ሰው በር ይከፍታል። ከቀበሌው ሳይወጣ መሸኛውን ይያዝ፤ ለዚያ ወረቀት ብሎ ተመልሶ መሄድ የመኪና ብቻ ሳይሆን የሥራ ቀንም ያስከፍላል። በአዋጅ 1284/2015 የመጣውን የፋይዳ ቁጥርም ያውጣ፤ ቴሌ ማዕከላትና ባንኮች ይመዘግባሉ። ፋይዳ የነዋሪነት መታወቂያን አይተካም። ግን ቁጥሩ የቀበሌው ሳይሆን የሰውየው ነው፤ የትም ቢሄድ ማንነቱን ያስረዳለታል።